የፍሬን ሸራ ሳይጮህ ይለካ

ስለ ሳይንስ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ሰማይ ወይም ወደ ረቂቁ ዓለም ያመራል። ከዋክብት፣ አቶምና ዘረ መል ወዲያው ወደ አእምሯችን ይመጣሉ። በአንድ ጠራጊ ማሽን ጎማ ውስጥ ተሸሽጎ፣ አቧራ ለብሶ፣ ቀስ በቀስ እየተበላ ስለሚያልቅ የፍሬን ሸራ ሲነገር ግን ሳይንስ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ሸራው መቼና እንዴት ይለወጥ የሚለው ጥያቄ «የመካኒክ ጉዳይ» ተብሎ ከመማሪያ ክፍላችን ደጃፍ እንዲቀር ተደርጓል። በእኛ እምነት ይህ አስተሳሰብ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ነው። ያለቀ የፍሬን ሸራ መለወጥ ከመፍቻ በፊት በመለኪያ የሚጀመር ሳይንሳዊ ተግባር መሆኑን ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

የተዘነጋው ፍሬን

ነገሩን በአንድ ተጨባጭ ማሽን እንመልከት። አዲስ የአስፋልት መንገድ ሲሠራ፣ የተደለደለውና የተጠቀጠቀው የጠጠር ንጣፍ ሬንጅ ከመረጨቱ በፊት በሚገባ መጠረግ ይኖርበታል። አቧራ በለበሰ ንጣፍ ላይ የተረጨ ሬንጅ የሚያያዘው ከአቧራው ጋር እንጂ ከጠጠሩ ጋር አይደለምና። ይህን ሥራ የሚያከናውነው እንደ በርሜል የተጋደመ ትልቅ ብሩሽ የሚያሽከረክር ጠራጊ ማሽን ነው። ማሽኑ ከሌሎቹ የመንገድ ሥራ ማሽኖች ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው፤ በሥራ ላይ ያለው ፍጥነትም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በግሬደርና በሮለር መካከል ሲመላለስ ለሚያየው ሰው፣ አደጋ ያደርሳል ብሎ መገመት ያዳግታል።

ፍሬኑ እንዲዘነጋ የሚያደርግ ሌላም ምክንያት አለ። ብዙዎቹ ጠራጊ ማሽኖች የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማ የሚያስተላልፉት ግፊት ባለው ዘይት አማካይነት ነው። ሞተሩ ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑ የሚገፋው ዘይት ደግሞ ጎማውን የሚያዞረውን የሃይድሮሊክ ሞተር ያንቀሳቅሳል። ኦፕሬተሩ የመንጃውን ፔዳል ሲለቅ የዘይቱ ፍሰት ስለሚገታ ማሽኑ ፍሬን ሳይረገጥ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዚህ የተነሣ የእግር ፍሬኑ ለብዙ ቀናት እምብዛም ሳይረገጥ ሊቆይ ይችላል። ሆኖም የዘይቱ ቱቦ ቢፈነዳ፣ ወይም የተበላሸ ማሽን የዘይት ማለፊያው ተከፍቶ በሌላ ተሽከርካሪ ቢጎተት፣ ያ ምቹ ማቆሚያ በቅጽበት ይጠፋል። በዚያች ቅጽበት በማሽኑና በቁልቁለቱ መካከል የሚቀረው በታምቡሩ ውስጥ ያለው ሸራ ብቻ ነው። ዘወትር የማንፈልገው ፍሬን በምንፈልገው ዕለት ምትክ የሌለው ይሆናል ማለት ነው።

ሸራው ደግሞ ባልተረገጠበት ጊዜም ከጉዳት አያመልጥም። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ራሱ ባስነሣው አቧራ ውስጥ ይሠራል። የታምቡር ፍሬን ዙሪያውን የተሸፈነ በመሆኑ ውኃና ጭቃ በቀላሉ አይገባበትም፤ አንዴ የገባው የድንጋይ ብናኝ ግን በቀላሉ አይወጣም። ይህ ብናኝ በሸራውና በታምቡሩ መካከል እንደ አሸዋ ወረቀት እየፋቀ ሁለቱንም ይበላቸዋል። የእጅ ፍሬን በከፊል ተስቦ ሲነዳ፣ ወይም የሸራው መመለሻ ሞላ ሲደክም መፋቁ ይበልጥ ይፋጠናል።

በታምቡሩ ውስጥ የሚካሄደው

የታምቡር ፍሬን አሠራር በመልኩ ቀላል ነው። ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ታምቡር አለ። በውስጡ የማይዞሩ፣ እንደ ጨረቃ የጎበጡ ሁለት ብረቶች ተቀምጠዋል። በጀርባቸው ላይ በሪቬት ወይም በማጣበቂያ ሸራ ተለብጦባቸዋል። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ሲሊንደሩ ሁለቱን ብረቶች ወደ ውጭ ይገፋቸዋል፤ ሸራውም ከታምቡሩ የውስጥ ግድግዳ ጋር ይፋተጋል። ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ እ.ኤ.አ. በ1902 ለዛሬው የታምቡር ፍሬን መሠረት የሆነውን ንድፍ አቀረበ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1897፣ እንግሊዛዊው ሄርበርት ፍሩድ የፍሬን ማልበሻዎችን መሥራት ጀምሮ ነበር። የቀድሞዎቹ ማልበሻዎች በእርግጥም በሬንጅና በሙጫ የተነከረ ጥጥ ሽምን ስለነበሩ በጋራዦቻችን የተለመደው «ሸራ» የሚለው ስም ለዕቃው የሚስማማ ነው።

የፍሬን ዋና ተግባር የእንቅስቃሴን ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ 3,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጠራጊ ማሽን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ያለው የእንቅስቃሴ ጉልበት 54,000 ጁል ያህል ነው። ፍጥነቱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ከፍ ቢል ጉልበቱ አራት ዕጥፍ ሆኖ 216,000 ጁል ይደርሳል። ይህ ግን ከቁልቁለቱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ያው ማሽን 10 በመቶ ተዳፋት ባለው መንገድ 1 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ከፍታው በ100 ሜትር ያህል ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ የሚለቀቀው እምቅ ጉልበት 3.4 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው፤ ይኸውም በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ያለን ማሽን አንድ ጊዜ ለማቆም ከሚያስፈልገው ከ60 ዕጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር የበለጠ ከፍታ እንደሚጥል ለሚያስብ ሰው፣ የአገራችን መልክዓ ምድር በፍሬን ላይ የሚጭነው ፈተና ግልጽ ይሆንለታል።

ይህ ሁሉ ሙቀት የት ይገባል? ፍሬን ያላቸው ጎማዎች ሁለት ቢሆኑና የእያንዳንዱ ታምቡር ክብደት 15 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ወደ አየር የሚባክነውን ሙቀት ለጊዜው ትተን ስናሰላ፣ የታምቡሮቹ ሙቀት በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይጨምራል። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል። የውስጥ ስፋቱ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ ታምቡር በዚህ ሙቀት ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። በመሆኑም ታምቡሩ ከሸራው ይሸሻል፤ ፔዳሉም ከወትሮው ጠልቆ መረገጥ ይኖርበታል። ሸራው አዲስና ክፍተቱ የተስተካከለ ከሆነ ይህን ሽሽት ለመከተል ቦታ አለው። ያለቀና ክፍተቱ የሰፋ ሸራ ግን ቀድሞውኑ አብዛኛውን የፔዳል ጉዞ በልቶታል። ስለዚህ በሜዳ ላይ «ደኅና ይይዛል» የተባለ ፍሬን በቁልቁለት መካከል እግርን ወለል ላይ ሊያደርስ ይችላል።

በዚህ ላይ የታምቡር ፍሬን አንድ ልዩ ጠባይ ይታከላል። በታምቡሩ መዞሪያ አቅጣጫ የሚገፋው ሸራ በሰበቃው ኃይል እየተሳበ ራሱን ይበልጥ ወደ ታምቡሩ ይጫናል። ይህ የእግርን ጉልበት የሚያግዝ መልካም ጠባይ ነው፤ ሆኖም ችግሩንም እንዲሁ ያጎላዋል። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል በውስጡ ያለው ማያያዣ ሙጫ ስለሚበላሽ የሰበቃ ቁጥሩ ይወርዳል። ቁጥሩ ከ0.40 ወደ 0.30 ቢወርድ፣ የማቆሚያው ኃይል በአንድ አራተኛ ይቀንሳል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። ራሱን በሚያግዘው ሸራ ላይ ግን፣ እንደ አሠራሩ ቅርጽ፣ ቅናሹ እስከ አንድ ሦስተኛና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል።

ጆሮ መለኪያ አይደለም

በየጋራዡና በየሥራ ቦታው የተለመደው አሠራር ፍሬኑ ሲጮህ ሸራውን መለወጥ ነው። ይህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው። በሪቬት የተለበጠ ሸራ ብረት በብረት ሲፋተግ የሚሰማ ጩኸት ካወጣ፣ የሪቬቱ ራስ ታምቡሩን መቦርቦር ጀምሯል ማለት ነው። በአንጻሩ ገና ወፍራም የሆነ ሸራ በአቧራ ብቻ ሊጮህ ይችላል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ በሚያፈስ ሲሊንደር ምክንያት የፍሬን ዘይት የጠጣ ሸራ ነው። እርሱ ምንም ድምፅ ላያሰማ ይችላል፤ የመያዝ ችሎታውን ግን አጥቷል። ስለዚህ ጩኸት ያለቀውን ካላለቀው አይለይልንም።

የሚለየው መለኪያ ነው። የሸራው ውፍረት በሚሊ ሜትር ተለክቶ በማሽኑ መመሪያ ከተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ጋር ይነጻጸራል። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ የሃይድሮሊክ ፍሬን ያላቸው የጭነት ተሽከርካሪዎች የሸራ ውፍረታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሆኖ በመንገድ ላይ እንዳይነዱ ይከለክላል። የታምቡሩም የውስጥ ስፋት እንዲሁ በካሊፐር ይለካል። ታምቡሩ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ስፋት ብዙውን ጊዜ በራሱ በታምቡሩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ ያለፈ ታምቡር ስለሚሳሳ ሙቀቱን መሸከምም ሆነ መጠንከር ያቅተዋል።

አንድ ጊዜ መለካት በራሱ በቂ አይደለም፤ ልኬቱ መመዝገብ አለበት። የመፋቅን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1953 ያቀረበው አርቻርድ እንዳሳየው፣ ከአንድ አካል ተፍቆ የሚወጣው መጠን ከተጫነበት ኃይልና ከተፋተገበት ርቀት ጋር አብሮ ያድጋል፤ በአካሉ ጥንካሬ ልክ ደግሞ ይቀንሳል። ሙቀትና ብናኝ ሲታከሉ ግን ፍጥነቱ ይለወጣል። ምሳሌ እንውሰድ። 8.0 ሚሊ ሜትር የነበረ ሸራ ከ500 የሥራ ሰዓት በኋላ 6.5 ሆኖ ቢገኝ፣ ዝቅተኛው መጠን 2.0 ከሆነ፣ ገና 1,500 ሰዓት ይቀረዋል ብለን እናሰላለን። በ1,000 ሰዓት ላይ ስንለካው ግን 4.4 ሆኖ ብናገኘው መፋቁ እንደ ተፋጠነ እንረዳለን። በዚህ ፍጥነት የሚቀረው 570 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ስሌት አምነን ብንቀመጥ ኖሮ ከ400 ሰዓት በላይ ከዝቅተኛው መጠን በታች በሆነ ሸራ እንሠራ ነበር። ሁለት ቁጥሮችና አንድ ማካፈል ይህን ያህል ይናገራሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው የስምንተኛ ክፍል ሒሳብና አንድ ደብተር ነው።

አቧራው

ሸራ በሚለወጥበት ጊዜ የሚደርስ ሌላ አደጋ አለ፤ ይኸኛው የሚያጠቃው ራሱን መካኒኩን ነው። ታምቡሩ ሲወልቅ በውስጡ የተከማቸውን ጥቁር ዱቄት በኮምፕሬሰር አየር መንፋት በብዙ ቦታ የሚታይ ልማድ ነው። ዱቄቱ ለጊዜው ከዓይን ይሰወራል፤ የሚሄደው ግን ወደ ሳንባ ነው።

የፍሬን ሸራ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሙቀትን በሚቋቋመው አስቤስቶስ ሲሠራ ቆይቷል። አስቤስቶስ የሳንባ ካንሰርንና የሳንባ ሽፋን ካንሰርን እንደሚያስከትል በዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ተረጋግጧል። በሽታው ከተጋላጭነቱ በኋላ ብዙ አሥርት ዓመታት ቆይቶ ሊገለጥ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት አስቤስቶስን እ.ኤ.አ. በ2005፣ ደቡብ አፍሪካም በ2008 አግደዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ ነጩን አስቤስቶስ፣ ለፍሬን የሚውለውንም ጭምር፣ ከልክሏል። ነገር ግን አሮጌ ማሽንና ምንጩ ያልታወቀ መለዋወጫ ባለበት ቦታ ሁሉ፣ ሸራው አስቤስቶስ እንደሌለበት በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። በጠራጊ ማሽን ታምቡር ውስጥ ደግሞ የድንጋይ ብናኝ ይታከላል። ኳርትዝ ካለው ድንጋይ የሚወጣው ረቂቅ የሲሊካ ብናኝም እንዲሁ ካንሰር አምጪ መሆኑ የተመዘገበ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ዱቄቱ ከመነካቱ በፊት ሳሙና በተቀላቀለበት ውኃ በቀስታ ይረጠባል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ጨርቁም በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ይወገዳል። የአየር ቱቦና ደረቅ ብሩሽ በዚህ ሥራ ላይ ቦታ የላቸውም። በአፍ ላይ የሚታሰር ተራ ጨርቅም ረቂቁን ብናኝ አያግድም።

አለዋወጡም በሥርዓት

የለውጡ ቅደም ተከተል በእያንዳንዱ ማሽን መመሪያ የተጻፈ ስለሆነ በዝርዝር አንገባበትም። ሆኖም ከሳይንሱ በቀጥታ የሚመነጩ ጥቂት ደንቦችን መጥቀስ ተገቢ ነው። ማሽኑ ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ብሩሹ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ሞተሩ ጠፍቶ በጎማዎቹ ሥር ታኮ ይደረጋል። በክሪክ ብቻ የተነሣ ማሽን ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ ማረፍ አለበት።

ሸራ ዘወትር በአንድ አክስል ላይ ያሉት በግራና በቀኝ አብረው ይለወጣሉ። በአንድ ወገን አዲስ፣ በሌላው ወገን አሮጌ ሸራ ካለ የሁለቱ የማቆሚያ ኃይል ይለያያል፤ ማሽኑም ጠንካራው ፍሬን ወዳለበት ወገን ይጎተታል። ሥራው ሲከናወን ግን አንዱ ወገን ሳይፈታ ቢቆይ፣ የሞላዎቹን አቀማመጥ ለማመሳከር ይረዳል። በሙቀት ብዛት የደከሙ ሞላዎች ከሸራው ጋር ይለወጣሉ። የሚያፈስ ሲሊንደር ሳይጠገን አዲስ ሸራ ማስገባት ገንዘብን ማቃጠል ነው። ጨረቃ መሰሉ ብረት በሚንሸራተትባቸው ነጥቦች ላይ ጥቂት ሙቀት የሚችል ግሪስ ይቀባል፤ በሸራው ላይ ግን የዘይት ጠብታ እንኳ መድረስ የለበትም። በመጨረሻም ክፍተቱ ይስተካከልና፣ ማሽኑ በዝግታ እየተነዳ ፍሬኑ በልኩ ደጋግሞ ይረገጣል። አዲሱ ሸራ ከታምቡሩ ጋር ሙሉ ለሙሉ የሚገናኘው በዚህ መንገድ ገጽታው ሲላመድ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ አቋማችን ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው የወጪ ጉዳይ ነው። «ገና ጥቂት የቀረውን ሸራ ለምን እንጥላለን?» የሚሉ አሉ፤ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሸራው የተሠራው ታምቡሩን ለማዳን ራሱ እንዲያልቅ ነው። ሸራው ካለቀ በኋላ የሚበላው ታምቡሩ ነው፤ የተቦረቦረ ታምቡር በቶርኖ ይስተካከላል፣ ካልሆነም ይጣላል። አዲስ ሸራ በአሮጌው ብረት ላይ በሪቬት ማስመታትም የሚቻለው ብረቱ ከመጎዳቱ በፊት ነው። የሚለካ ሰው ሸራውን ያለጊዜው አይጥልም፤ ያለጊዜው የሚጥለውም፣ ዘግይቶ የሚለውጠውም የሚገምት ሰው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተማሪዎች ዘንድ የሚሰማ ነው፤ «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» ይላሉ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ሰበቃና መፋቅ ያስጠናችው ዘገባ፣ በዚህ ረገድ ያለው የዕውቀት ጉድለት ለኢንዱስትሪዋ ምን ያህል እንደሚያስወጣት አመለከተ። «ትራይቦሎጂ» የሚለው የሳይንስ ዘርፍ ስያሜም የታወቀው በዚሁ ዘገባ ነው። ለአንድ በኢንዱስትሪ ለገፋ አገር የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ የሆነው ነገር ለእኛ ሊያንስብን አይገባም። መካኒኩ ብረቱን በእጁ ያውቀዋል፤ ተማሪው ቀመሩን በወረቀት ያውቀዋል። ሁለቱ ሳይገናኙ በመካከላቸው በሚቀረው ክፍተት ውስጥ ኦፕሬተሩና በመንገዱ ዳር የሚሠራው የቀን ሠራተኛ ይገኛሉ።

ስለሆነም ጥሪያችን እንዲህ ነው። የፊዚክስ መምህራን ያለቀና አዲስ ሸራ ከአንድ ጋራዥ አምጥተው የሰበቃን ትምህርት በእርሱ ያስተምሩ፤ አሮጌው ሸራ ግን ወደ ክፍል የሚገባው ታጥቦና በላስቲክ ታሽጎ ይሁን። የምሕንድስና ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ በሚሄዱበት የመንገድ ሥራ ቦታ የእያንዳንዱን ጠራጊ ማሽን የሸራ ልኬት የሚይዝ ደብተር ይክፈቱ። በሚመለሱበትም ጊዜ ደብተሩን ለመካኒኩ አስረክበው ይምጡ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም፤ በሰበቃ ለሚግለው ታምቡርም ይሠራል። ቅጠሉ በእኛ ዘመን ካሊፐር ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ታምቡር ያነሰ ነው።